የተቆረጠው ጠርዝ

ጋሪው ከካርናርቨን ከተማ ከወጣ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ሎውሪ ፓሪ ግን መቀመጫው ላይ አራት ጊዜ ቦታ ቀይራለች። የካርዶቹን ሣጥን መጀመሪያ እግሯ ሥር አስቀመጠችው፤ ቀጥሎ አጠገቧ፤ አሁን ደግሞ ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቅፋዋለች። በሱፍ ሻሏና በቀሚሷ ደረት መካከል ማንም የማያውቀው ሌላ ነገር አለ፤ ስፋታቸው ከአንድ ጣት የማይበልጥ ሁለት የፎቶግራፍ ቁራጮች። ጋሪው በተንገጫገጨ ቁጥር የወረቀቱ ጠርዝ ይወጋታል።

«እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አለ ሚስተር ክራዶክ፣ ልጓሙን እንደያዘ። «ፈረሷ እንኳ ካንቺ ትሻላለች።»

«መንገዱ ነው፣ ጌታዬ።»

«መንገዱማ ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ክራዶክ የከተማው ፎቶግራፍ ቤት ባለቤት ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ በጋም ክረምትም ጥቁር የከፋይ ኮት ይለብሳል። በወጣትነቱ የቀለም ሠዓሊ ነበር። የባለርስት ሚስቶችን ከነውሾቻቸው ሲስል ኖሮ ካሜራ የሚባል ነገር መጥቶ ሥራውን ሲነጥቀው ጊዜ፣ ትንሽ ተራግሞ፣ ሄዶ ራሱም አንድ ካሜራ ገዛ። ሠዓሊነቱ ግን አልለቀቀውም። የትም ሲደርስ አውራ ጣቶቹንና ሌባ ጣቶቹን አጋጥሞ ትንሽ መስኮት ይሠራል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ በዚያች መስኮት ዓለምን ይመዝናል። ሎውሪን የሚያናድዳት ያ የሚጨፈነው ዓይን ነው። የሚሸጡት ዕቃ እኮ ለሁለት ዓይን የተሠራ ነው!

በዚያ ዓመት፣ በ1864፣ ስቴሬዮስኮፕ የሚሉት መመልከቻ ጠረጴዛው ላይ የሌለ ሳሎን ሳሎን አይባልም ነበር። አንድ ቦታ ከሁለት ነጥብ ላይ ይነሣል፤ ሁለቱ ምስሎች አንድ ካርድ ላይ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ። ካርዱን መመልከቻው ውስጥ አስገብተህ ስታይ ግራ ዓይንህ የግራውን፣ ቀኝ ዓይንህ የቀኙን ይወስዳል። ከዚያ ወረቀቱ ይጠፋና ቦታው ራሱ ፊትህ ይከፈታል። ሎውሪ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራችው እነዚህን ምስሎች መቁረጥና መለጠፍ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጣቶቿ ከሙጫው የተነሣ ሁልጊዜ ይላጣሉ።

ከክራዶክ ጋር የሚጣሉበት ነገር አንድ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ።

«አሥራ ሁለተኛው ካርድ፣ የድንጋይ ካባው ግድግዳ፣ አሁንም አልዋጥልሽ አለ፤» አለ ክራዶክ፣ ፊቷን ሳያይ።

«እኔ ምን ተናገርኩ?»

«ዝም ስትይ ነው የምትናገሪው። ስሚ፣ ስዕል ማለት የምትተዪው ነገር ነው። እዚያ ካባ ውስጥ ምን ነበር? ጣሪያው የዘመመ ጎጆ፣ የተሰበረ ጋሪ፣ ሰንሰለት፣ ባልዲ! ያንን ሁሉ ለለንደን ልላክ? ቆርጬ ጣልኩት፤ ግድግዳው ብቻውን ቀረ። ግርማ አገኘ።»

«ግርማውስ አገኘ። ግን ሰው የት ቆሞ ነው የሚያየው፣ ጌታዬ? መሬት የለም፣ ጎጆ የለም። እኔ ሰው ዓይኑን ሲያስገባ እግሩም ተከትሎ ቢገባ ነው ደስ የሚለኝ። ባልዲው እንዲያደናቅፈው ነው የምፈልገው።»

«ባልዲ እንዲያደናቅፈው የሚፈልግ ሰው ካባ ሄዶ ይቀጠር!»

ስለ ባልዲው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሎውሪን ባልከፋት። ክራዶክ ከምስሉ ላይ ቆርጦ የጣለው ወንድሟን ነው።

ኤምሪስ፣ ታናሽ ወንድሟ፣ ክሬግ ፍራን በሚባለው የጣሪያ ድንጋይ ካባ ውስጥ ሰንሰለት ጭኑ ላይ ጠምጥሞ ገደል ላይ እየተንጠለጠለ ድንጋይ የሚፈለፍል ሰው ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ፎቶግራፉ ሲነሣ፣ ለእህቱ ብሎ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳይነቃነቅ ቆየ። ገደሉ ሩቅ ስለነበር ክራዶክ የመጀመሪያውን ምስል፣ ያኔ የሚቀረጸው መስታወት ላይ ነበርና፣ ካነሣ በኋላ ካሜራውን ስምንት እርምጃ ወደ ቀኝ ወሰደው፤ ሁለተኛውን ከዚያ አነሣ። በመካከሉ ሎውሪ ድንኳኑ ውስጥ አንዱን መስታወት ስታጥብ፣ ሌላውን ስታዘጋጅ ሩብ ሰዓት ሄደ። ኤምሪስ እግሩን ያሳረፈበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ተመልሶ እዚያው ተንጠለጠለ። እግሩ ደንዝዞ ማታ ሲያነክስ ነበር። ክራዶክ ግን ምስሉን ባየ ጊዜ «ይቺ ጉንዳን ምንድን ናት?» አለና መቀሱን ከሎውሪ እጅ ወስዶ፣ ጎጆውንም ሰንሰለቱንም ኤምሪስንም በራሱ እጅ ቆረጠ።

የተቆረጠ ወረቀት አይጣልም። ብር ስላለበት ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከረጢቱ ሲሞላ ይቃጠልና ብሩ ከአመዱ ይወጣል። ቁራጭ የወሰደ ብር እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ባለፈው ዓመት አንዲት ለጣፊ ለመጽሐፍ ምልክት ብላ አንዲት ቁራጭ ይዛ በመገኘቷ ተባረረች፤ ስሟም ጸሎት ቤቱ ውስጥ በሌባነት ተነሣ። ሎውሪ ይህን እያወቀች ወንድሟ ያለባቸውን ሁለት ቁራጮች ከከረጢቱ አወጣች። ዛሬ አንዱን ልትሰጠው ነበር ያሰበችው።

ሐሳቧን ለመበተን ስትል ሣጥኑን ከፈተች። የካባው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ዊን ለለንደኑ ትርኢት ያዘዘው አሥራ ሁለት ካርድ ያለበት ስብስብ ነው፤ ስድሳ ቅጂ ተዘጋጅቶ ነገ በባቡር ይሄዳል። ዛሬ አንዱን ለእሱ ሊያሳዩት ወደ ካባው እየወጡ ነው። አሥራ ሁለተኛውን አውጥታ መመልከቻው ውስጥ አስገባች፤ ዓይኗንም ደቀነች።

ግራጫ ግድግዳ። ቀኑ ደመናማ ስለነበር ጥላ የሚባል የለም። ቆየት ስትል ግድግዳው ጥልቀት አወጣ፤ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚያህል ሰፊ ስርጉድ አለ፣ ወደ ውስጥ የገባ።

መመልከቻውን አወረደች። ባለፈው እሑድ ኤምሪስ እራት ላይ ያለውን አስታወሰች። «የዚህ ወር ሥራችን አሮጊቷ ሥር ነው» ብሏት ነበር፤ ካባ ውስጥ ያንን ግድግዳ አሮጊቷ ነው የሚሉት። «ከላይ እስከ ታች እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ናት፣ ሎው። አንድ ስርጉድ የላትም።»

«ሚስተር ክራዶክ፣ አሮጊቷ ላይ ስርጉድ አለ እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ድንጋይ ድንጋይ ነው።»

እንደገና አየች። ስርጉዱ አለ። ያኔ አለጣጠፉ ትዝ አላት። ሁልጊዜ ከመቁረጧ በፊት እያንዳንዱ ምስል ጀርባ ላይ ግራና ቀኝ ብላ በእርሳስ ትጽፋለች። የመስታወቱ ጠርዝ ላይ በመርፌ የተጫረ ምልክት አለ፤ ለግራው አንድ ጭረት፣ ለቀኙ ሁለት፤ ምስሉ ሲታተም ወረቀቱ ላይም ይወጣል። ያን ቀን ግን ገና ሳትጽፍ መቀሱ ክራዶክ እጅ ገባ፤ ጠርዙም ከነጭረቱ ተቆርጦ ሄደ። እሷ የለጠፈችው በግምት ነው። ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ከተለጠፈ ደግሞ መመልከቻው ሁሉን ነገር ይገለብጠዋል፤ ቅርቡ ሩቅ፣ ሩቁ ቅርብ ይሆናል። ቤት ወይም ሰው ያለበት ምስል ሲሆን ወዲያው ታውቀዋለህ። ባዶ ድንጋይ ሲሆን በምን ታውቀዋለህ?

ስርጉድ ቢሆን ሰው ቆፍሮታል፤ ማንም አልቆፈረም። እብጠት ከሆነ ግን ማንም መቆፈር አያስፈልገውም። ድንጋዩ ራሱ ከተራራው ተላቆ እየወጣ ነው ማለት ነው።

«ይቁም! ጋሪውን ያቁሙልኝ!»

«ምን ሆንሽ? ታመምሽ?»

ሎውሪ እጇን ደረቷ ውስጥ ከተተች፤ ቁራጮቹንም አውጥታ ካርዱ ላይ አደረገች። «ሰርቄያለሁ። በኋላ ያባርሩኛል፤ አሁን ይህን ይዩ።»

ክራዶክ ቁራጮቹን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ተመልሶ ቁራጮቹን አየ። እሷ አንድ ጭረት ያለበትን ቁራጭ ከግራው ምስል ጠርዝ ጋር አስጠጋችው፤ የድንጋዩ ስንጥቆች አልገጠሙም። ከቀኙ ጋር አስጠጋችው። ስንጥቁ ከስንጥቁ፣ ጠርዙ ከጠርዙ ገጠመ።

«ገልብጠን ነው የለጠፍነው፣ ጌታዬ። ስድሳውንም።»

የክራዶክ ፊት ላይ የነበረው ቀለም ሁሉ ወደ አንገቱ የወረደ መሰለ። ከዚያ አለንጋውን አንሥቶ ፈረሷን መታት፤ ሎውሪ በሥራ ዘመኗ ፈረሷን ሲመታ አይታው አታውቅም።

«ወንድምሽን ጠርተሽ በጆሮው ትነግሪዋለሽ፤» አለ ዳገቱን ሲወጡ፣ ከመንኮራኩሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ። «በጆሮው ብቻ! ዊን እንዳይሰማ። ካርዶቹን ነገ ባቡሩ ላይ አናሳፍርም፣ ታመምኩ እላለሁ፣ በአራት ቀን እንደገና እንለጥፋለን። ገባሽ? የዊን ዘመዶች ናቸው ያሉኝ ደንበኞች ሁሉ። ግራና ቀኙን የማይለይ ፎቶ አንሺ ከተባልኩ ሱቄን ዘግቼ ድንች ልተክል ነው።»

«ኤምሪስ ብቻውን ምን ያደርጋል? ባልደረቦቹ አሉ። ከምሳ በኋላ አሮጊቷ እግር ላይ ባሩድ ሊቀብሩ ነው።»

«በጆሮው አልኩሽ!»

ክሬግ ፍራን ሲደርሱ የምሳው ጥሩምባ ከተነፋ ቆይቷል። ካባው ጸጥ ብሏል፤ ሰው ሁሉ ምሳ ጎጆው ውስጥ ነው። የኤምሪስ ቡድን ግን የለም። በሩ ላይ ፒፓውን የሚያጨስ አንድ ሰው «እነ ወንድምሽማ ታች ነው የሚበሉት» አላት። «ጊዜ ለማትረፍ ብለው አሮጊቷ ሥር ቁጭ ብለዋል። የሰባት ሰዓቱ ጥሩምባ እንደተነፋ የባሩዱን ጉድጓድ መብሳት ይጀምራሉ።»

ታች ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሴት ብቻዋን በዚያ መሰላል አትወርድም። ክራዶክ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አቀና፤ ባርኔጣውን እያስተካከለ፣ የሚናገረውን ውሸት እያቀናበረ። ሎውሪ መመልከቻውን ይዛ ቀጥ ብላ ወደ ምሳ ጎጆው ገባች።

አርባ ወንድ ማኘኩን አቆመ። ሴት እዚያ ጎጆ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ይህ ጎጆ የምሳ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሸንጎ ነው። የተመረጠ ሊቀ መንበር አለው፣ ደንብ አለው። የእሑዱ ስብከት እዚህ ይበጠራል፣ የዘፈን ውድድሩ እዚህ ይዳኛል፤ መንበሩን ሳያስፈቅድ አፉን የከፈተ ሰው የሁሉንም የሻይ ቆርቆሮ ያጥባል። በዚያ ዓመት መንበሩ ላይ የነበሩት ኤሊስ ሞርታይመር ናቸው፤ አርባ አራት ዓመት ገደል ላይ ተንጠልጥለው ያሳለፉ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ።

«አጎቴ ኤሊስ፣ ሰዎቹን ከአሮጊቷ ሥር ያስወጡልኝ።»

«መንበሩን አስፈቅጂ፣ ልጄ፤» አሉ ኤሊስ፣ የአጃ ቂጣቸውን ሳይለቁ።

«ይፈቀድልኝ!»

«ሴት ትናገር ወይስ አትናገር፣ መጀመሪያ እሱ በድምፅ ይወሰን፤» አለ ከወደ ኋላ አንድ ቀይ ጺም።

«ይወሰንማ!» አለ ሌላው። «ትናገር የምትሉ እጅ አውጡ። አንተ ቀይ ጺሙ ሃው፣ ሚስትህ እቤት ስትናገር በድምፅ ነው የምትወስነው?»

ሳቅ ሆነ። ሎውሪ ግን አልሳቀችም፤ ፊቷን ያዩት ሰዎችም ሳቃቸውን በግማሽ ተዉት። እጆች ወጡ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክራዶክ ለውበት ብሎ በሁለቱ ምስሎች መካከልና ዳር ላይ ባዶ ወረቀት ትቶ ነበር። ከአንዱ ሰው ዳቦ ላይ ቅቤ በጣቷ ጠርጋ ቁራጮቹን ቀባች፤ እያንዳንዱን ከየምስሉ ጠርዝ ጋር አጋጥማ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ለጠፈቻቸው። ሁለቱ ምስሎች ግን እንደተገለበጡ ናቸው።

«ይዩ።»

ኤሊስ መመልከቻውን ተቀብለው ዓይናቸውን ደቀኑ።

«ስርጉድ አያለሁ። ... ቆይ፣ ይሄ ኤምሪስ አይደለም? ምን ሆኖ ነው? ድንጋዩ ውስጥ ገብቷል እኮ! ልጁን ድንጋይ ውስጥ ቀብራችሁታል!»

«ተገልብጦ ስለተለጠፈ ነው። ኤምሪስ ድንጋይ ውስጥ መግባት ይችላል?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እንግዲህ እሱ ካልገባ ስርጉዱም አልገባም።» ሎውሪ ድንጋይ መሰንጠቂያ ቢላ ከጠረጴዛው አንሥታ ካርዱን መካከል ለመካከል ለሁለት ከፈለችው። ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ መለሰችና ከነቅቤው መመልከቻው ውስጥ ሰካችው። «አሁን ይዩ።»

ሽማግሌው አዩ። ቀጥሎ ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ አየሩ ላይ፣ ከመመልከቻው ፊት ለፊት፣ መዳፋቸው ክፍት ሆኖ ቆመ። አርባ አራት ዓመት ድንጋይ የዳበሰ እጅ የሌለ ድንጋይ ሊዳብስ ፈለገ። ከዚያ እጃቸው በድንገት ወደ ኋላ ሸሸ።

«አምላኬ፤» አሉ። «አሮጊቷ ከአልጋዋ እየተነሣች ነው።»

መመልከቻው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቀይ ጺሙ ሰውዬ አይቶ ሲጨርስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ኤምሪስ ከፊቷ ተንጠልጥሏል፤ ሆዷ ደግሞ ከኋላው ወደ እሱ ገፍቷል፤» አለ። «እኛ እንዴት አላየንም?»

«ዓይኖቻችሁ ስምንት እርምጃ ስለማይራራቁ ነው፤» አለች ሎውሪ። «ካሜራው እንደዚያ ሆኖ ነው ያየው።»

በሩ ተከፈተ። ሚስተር ዊን ነው፤ ረጅም፣ ንጹሕ ኮሌታ የለበሰ፣ የሰዓቱን ክዳን መክፈትና መዝጋት የሚወድ ሰው። ክራዶክ ከኋላው አለ። ዊን ሴቷን፣ የተቆረጠውን ካርድ፣ ቅቤውን አየ።

«ይህ ምንድን ነው? የእኔ ካርድ ነው?»

ኤሊስ ተነሡ። «ሚስተር ዊን፣ አሮጊቷ ተላቃለች። ሰዎቹ ይውጡ።»

«ማን ነው ያለው?»

«ይሄ ምስል ነው የሚለው። ተገልብጦ ተለጥፎ ስርጉድ አስመሰላት እንጂ ሆዷ ወደ ውጭ ገፍቷል።»

ዊን ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነገሩ ከልቡ አስቆት ነው። «ኤሊስ! ከሁለት ወር በፊት አንተ ራስህ በመዶሻ መትተህ ደህና ናት ብለኸኛል። አሁን የሳሎን መጫወቻ አይተህ ሥራ ልታስቆም? ያውም የቅቤ ካርድ?» የሰዓቱን ክዳን ከፈተ። «ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀረው። ሚስተር ክራዶክ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ሳይቆረጥ በፊት የነበረው አሥራ ሁለተኛ ካርድ፣ እርስዎ ሠርተው ያመጡልኝ፣ ትክክል ነው ወይስ ስህተት? ትክክል ከሆነ ግድግዳው ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ ሥራው ይቀጥላል።»

ሁሉም ወደ ክራዶክ ዞሩ። ሎውሪም ዞረች። ከልቧ ጠላችው፤ ገና ሳይናገር ጠላችው፤ ምን እንደሚል ከመንገድ ጀምሮ ታውቃለችና።

ክራዶክ ወደ ጠረጴዛው መጣ። መመልከቻውን አንሥቶ አየ፤ ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ። ሲቆርጠው አንድ ጉንዳን ነበር፤ አሁን ግን ቦት ጫማ ያደረገ ሰው፣ ካፖርቱን ነፋስ የነፋው፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተንጠልጥሏል። ጠራው ቢባል የሚሰማ ይመስላል። ከኋላው ያለው ድንጋይ የሚያስፈራ ነበር። መመልከቻውን አወረደ።

«ስህተት ነው፤» አለ።

«ምን አሉ?»

«ካርዱ ስህተት ነው፣ ሚስተር ዊን። ስድሳውም ስህተት ነው። ግራና ቀኙ ተዘዋውሯል። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ምልክቱንም የጣልኩት እኔ ነኝ። ይቺ ሴት እጇ የለበትም። ለለንደን የሚላክ ነገር የለኝም። ሰዎቹን ያስወጧቸው።»

ዊን አፉን ከፍቶ ሳይናገር ኤሊስ በሩን አልፈው ሄደዋል። ያ የማይታጠፍ ጉልበት እንዴት እንደሮጠ እስከ ዛሬ የገባው ሰው የለም። የጥሩምባው ቤት ከጎጆው ሃያ እርምጃ ነው፤ ነፊው ልጓም እንደተያዘበት በቅሎ «ሰዓቱ አልደረሰም!» እያለ ሲከራከር ኤሊስ ጥሩምባውን ነጥቀው ራሳቸው ነፉት። አንዴ ረጅም፣ ሁለት ጊዜ አጭር። ሁሉ ሰው ይውጣ ማለት ነው።

ሎውሪ ጠርዙ ላይ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ከሥር አራት ነጥብ ተነሡ። ሦስቱ ወደ መሰላሉ ሄዱ። አራተኛው ተመለሰ፤ አንድ ነገር ረስቶ ነው።

«ተወው! ኤምሪስ፣ ተወው!» ድምፅዋ እዚያ እንደማይደርስ እያወቀች ጮኸች። ነጥቡ ጎንበስ አለ፣ ቆመ፣ ከዚያ መሰላሉን ያዘ። ያ መሰላል ስንት ደረጃ እንዳለው ያን ቀን ነው የቆጠረችው፤ ሦስት መቶ አርባ ስድስት።

ኤምሪስ ላይ ሲደርስ ፊቱ በላብና በንዴት ቀልቷል። ጺሙ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ። «ምሳዬን ሳልጨርስ! ማን ነው የነፋው? ሎው? አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን ረስተህ ነው የተመለስከው?»

«ኮቴን።»

በጥፊ መታችው። አርባ ወንድ እያየ። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ እንደ ልጅ አለቀሰች፤ እሱም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

ዊን ግን ገና አላመነም። «እሺ፤» አለ፣ የሰዓቱን ክዳን እየዘጋ። «የግማሽ ቀን ሥራ አስቁማችኋል። አሁን አሳዩኝ።»

ኤሊስ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው በግድግዳው አናት በኩል ወጡ። ላዩ ሣርና የተጣለ ፍርስራሽ ነው። ሣሩን በዶማ ገለጡት፤ አፈሩን በእጃቸው ጠረጉት። እዚያ ሥር አንድ ጥቁር መስመር ነበረ፣ ከመዳፍ የማይሰፋ። ኤሊስ የእንቁላል ያህል ጠጠር መርጠው ወደ ዊን አሳዩ። ለቀቁት።

ኳ አለ። ኳ፣ ኳ። ቆመ ሲባል እንደገና ከታች ኳ። ሰው ሁሉ በልቡ ይቆጥር ነበር። ጠጠሩ በተራራውና በአሮጊቷ ጀርባ መካከል፣ ከትከሻዋ ጀምሮ እየተላተመ ወረደ፣ ወረደ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ፣ ማንም ታች ደረሰ ሊል ሳይችል ጠፋ።

ዊን ባርኔጣውን አወለቀ። ኤምሪስ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ኮቱን ጭኑ ላይ አድርጎ።

ሎውሪና ክራዶክ በዚያው ቀን ወደ ከተማ ተመለሱ። መንገድ ላይ ያለው ድልድይ ጋ ሲደርሱ ክራዶክ ተናገረ።

«ያ ጎጆ አሁንም አስቀያሚ ነው።»

«ነው፣ ጌታዬ።»

«ግን ይግባ። ባልዲውም ይግባ። መስታወቶቹ ላይ ያለውን ምስል ገና አልፋቅነውም፤ ሳንቆርጥ እናትመዋለን።» ትንሽ ቆየና ልጓሙን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ በቀኙ ኪሱን በረበረ። መቀሱን አውጥቶ ጭኗ ላይ ጣለላት። «ከእጅሽ ከነጠቅሁሽ እኔን በጥፊ ምቺኝ። ጥሩ እጅ እንዳለሽ አይቻለሁ።»

ስድሳው ካርድ በአራት ቀን እንደገና ተለጠፈ፤ ከነጎጆው፣ ከነሰንሰለቱ፣ ከነኤምሪስ። ለንደን ዘግይቶ ደረሰ፤ አንድም ሽልማት አላገኘም። አሮጊቷ የወረደችው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ዝናብ ውስጥ ነው። ከሥሯ የነበረው አንድ የብረት ዘንግና አንድ የሻይ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ካርናርቨን ድረስ መስኮቶች ነዘሩ። ክራዶክ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ የነዘረውን መስታወት በመዳፉ ይዞ እስኪቆም ጠበቀ።

ሎውሪ ያቺን በቅቤ የተበላሸች ካርድ ለማንም አልሰጠችም። ብዙ ዓመት አለፈ፤ ክራዶክ ሞተ፣ ሱቁ የሌላ ሰው ሆነ፣ እሷም አርጅታ ከኤምሪስና ከሚስቱ ጋር መኖር ጀመረች። እሑድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ሲቀርብ መመልከቻውን ከመሳቢያ ታወጣለች፤ ካርዷንም ትሰካለች። የቤቱ ሰው ሁሉ የሚሆነውን ስለሚያውቅ ጨዋታውን ያቆማል። ሎውሪ ለረጅም ጊዜ ታያለች፤ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ነጻ የሆነው እጇ ከጉልበቷ ላይ ይነሣል።

«ኤምሪስ፤» ትላለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። «ና ውጣ።»

ኤምሪስም፣ ጺሙ ነጭ የሆነው፣ ምድጃው አጠገብ ከተቀመጠበት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይስቅባት ይመልሳል።

«እሺ ሎው። መጣሁ።»